ተራ አመልካች ቁጥሮችን በአኃዝ ስለ መጻፍና ስለ ማሳጠር
የባሌን ደጋ በምሳሌነት የወሰደ ሒስ

በሮቤም ሆነ በጎባ፣ በሌላውም የአገሪቱ ክፍል፣ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ለተማሪ ከሚሰጠው የውጤት መግለጫ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው አንድ አኃዝና አንዲት ፊደል ነው። «3ኛ» ወይም «17ኛ» የሚለው ጽሕፈት የዓመቱን ድካም በሁለት ወይም በሦስት ምልክት ጠቅልሎ ያቀርባል። ሽልማት የሚሰጠው፣ ልጁ የሚመሰገነው ወይም የሚወቀሰው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ሸክም የተጫነበት ጽሕፈት እንዴት መጻፍና እንዴት መነበብ እንዳለበት በትምህርት ቤቶቻችን በቂ ትኩረት የተሰጠው ጉዳይ አይደለም። አኃዙ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ «ኛ» በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱ ተጣምረው የሚፈጥሩት ትርጉም ግን መካከል ላይ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

የዚህ ሒስ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ተራ አመልካች ቁጥር ብቻውን ቆሞ ትርጉም አይሰጥም፤ ትርጉም የሚያገኘው የሚቆጠርበት ተርታ ሲታወቅ ነው። አኃዝና «ኛ» ቃሉን ቢያሳጥሩ ይጠቅማሉ፤ ተርታውን አብረው ሲያስቀሩ ግን ይጎዳሉ።

ሀ. የ«ኛ» ጠባይ

አማርኛ ብዛት አመልካቹን ቁጥር ወደ ተራ አመልካች የሚለውጠው በአንድ ቅጥያ ነው። አንድ አንደኛ፣ ሁለት ሁለተኛ፣ ዘጠኝ ዘጠነኛ ይሆናል፤ ሃያ፣ ሠላሳና አርባን የመሳሰሉት ደግሞ በ«አ» ድምፅ ስለሚያልቁ ሃያኛ፣ ሠላሳኛ፣ አርባኛ ይባላሉ። በሁሉም ዘንድ «ኛ» ጠብቃ ትነገራለች። ቁጥሩ ብዙ ቃላት ሲኖሩት ቅጥያው የሚያርፈው በመጨረሻው ቃል ላይ ብቻ ስለሆነ 21ኛ «ሃያ አንደኛ» ተብሎ ይነበባል። ደንቡ ቀናና ወጥ በመሆኑ ማንኛውንም አኃዝ ጽፎ «ኛ»ን ማስከተል ለማሳጠር ይበቃል።

ከዚህ ጎን ለጎን ከግዕዝ የተወረሱ ተራ አመልካቾች አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ዳግማዊ ምኒልክ በሚሉት ስሞች ውስጥ ያሉት የተለመዱ ናቸው። ነገር ግን ማንኛውም የፊደል ተማሪ ከነገሥታቱ ስም አስቀድሞ ያወቃቸው ሌሎች አሉ። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ የሚባሉት የፊደል ስሞች ሁሉ ከሁለተኛ እስከ ሰባተኛ ያለውን ተራ የሚያመለክቱ ናቸው። ረቡዕና ሐሙስም በሳምንቱ ውስጥ አራተኛና አምስተኛ ቀኖች መሆናቸውን በስማቸው ይናገራሉ። «ራብዕ» የሚለው ቃል ለሕፃኑ ትርጉም የሚሰጠው ሰባት ረድፍ ያለው የፊደል ገበታ ከፊቱ ስለ ተዘረጋ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ገበታው ቢነሣ ቃሉ ባዶ ድምፅ ይሆናል። የጥንቱ የፊደል አስተማሪ ተራውን ከተርታው ነጥሎ አላስተማረም።

«ኛ» ያለችበት ቃል ሁሉ ግን በአኃዝ ሊጻፍ አይችልም። «ሁለተኛ አልመጣም» ያለ ሰው ዳግመኛ አልመለስም ማለቱ እንጂ መቁጠሩ አይደለም፤ ስለዚህ «2ኛ አልመጣም» ተብሎ ቢጻፍ ንግግሩ ይበላሻል። «መቶኛ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል ከዘጠና ዘጠነኛ ቀጥሎ የሚመጣውን ተራ፣ በሌላ በኩል ከመቶ የሚሰላውን መጠን ያመለክታል። ክፍልፋይም ታችኛውን ቁጥር የሚያነበው በተራ አመልካች ነው፤ «ሦስት አራተኛ» ሲባል ከአራት እኩል ክፍሎች ሦስቱ ማለት ነው። ይህን «3 4ኛ» ብሎ ያሳጠረ መምህር ተማሪውን ሦስት ነገሮችን ወደ መፈለግ ወይም አራተኛውን ነገር ወደ መፈለግ ይመራዋል። ክፍልፋይ በቃል ወይም በክፍልፋይ ምልክት እንጂ በአኃዝና በ«ኛ» ሊጻፍ አይገባም።

ለ. «ኛ» የሚያስፈልግበትና የማያስፈልግበት

በአጻጻፍ ረገድ ደንቡ ጥቂት ነው። «ኛ» ከአኃዙ ጋር ተያይዛ ትጻፋለች፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ፣ ነጥብ ወይም ዝባዝ መስመር አይገባም፤ በመስመር መጨረሻም አኃዙ ከላይ፣ «ኛ» ከታች ሆነው አይለያዩም። መስተዋድዱ ከፊት ይቀድማል፣ «ለ3ኛ»፣ «በ3ኛ»፣ «የ3ኛ» እንደሚባለው። የእመርታና የተሳቢ ምልክት ደግሞ ከኋላ ይከተላል፣ «3ኛው»፣ «3ኛዋ»፣ «3ኛውን» እንደሚባለው። በግዕዝ አኃዝ «፫ኛ» ሲጻፍም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «፩ኛ» ብሎ ጀምሮ «2ኛ» ብሎ መቀጠል ግን ንባብን ያሰናክላል።

ከአጻጻፉ ይበልጥ የሚያሳስበው «ኛ» የት ታስፈልጋለች የሚለው ነው። «5ኛ ክፍል» የትምህርት ዓመት ነው፤ «ክፍል 5» ግን በበሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ክፍል ወይም የአንድ መጽሐፍ ክፍል ሊሆን ይችላል። «3ኛ ምዕራፍ» እና «ምዕራፍ 3» ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ «ምዕራፍ 3ኛ» ግን ሁለቱን ያደባለቀ ነው። ቀን ሲጻፍ «መስከረም 2 ቀን» ይባላል እንጂ «ኛ» አትጨመርም። በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ በራስጌው ላይ ሁለቱን ለይቶ ያሳያል፤ ዓመቱን በተራ አመልካች፣ እትሙን ደግሞ «ቁጥር» ከሚለው ቃል በኋላ በብዛት አመልካች ያስቀምጣል። «ቁጥር» የሚለው ቃል ካለ «ኛ» አያስፈልግም፤ ከሌለ ግን ያስፈልጋል።

በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ይህ ልዩነት ከባድ ውጤት አለው። የተማሪዎች ስም ዝርዝር የመጀመሪያው ዓምድ «ተ.ቁ.» ነው፤ በእርሱ ሥር ያሉት 1፣ 2፣ 3 ስሞቹ በፊደል ተራ የተጻፉበትን ቦታ ብቻ ያሳያሉ። የመጨረሻው ዓምድ «ደረጃ» ነው፤ በእርሱም ሥር የሚጻፈው በውጤት የተገኘው ተራ ነው። በሁለቱም ዓምዶች አኃዙ ያለ «ኛ» ከተጻፈ፣ ከመዝገብ ወደ ውጤት መግለጫ በሚገለበጥበት ጊዜ አንዱን በሌላው መተካት ቀላል ነው። ለዚህ ጥበቃ የምትሆነው አንዲቷ ፊደል ናት፤ በተራ ቁጥር ዓምድ ፈጽሞ ሳትጻፍ፣ በደረጃ ዓምድ ፈጽሞ ሳትቀር።

ሐ. በባሌ ደጋ የሦስት ቋንቋዎች መገናኘት

ቀድሞ የባሌ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችው ጎባና የዞኑ መቀመጫ የሆነችው ሮቤ በቅርብ ርቀት የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞችና በአካባቢያቸው የሚማር ልጅ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ያጠናል፤ እንግሊዝኛንም በትምህርት ዓይነትነት ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ተራን በሦስት ሥርዓት መጻፍ ይጠበቅበታል።

የአፋን ኦሮሞ ሥርዓት ከአማርኛው ጋር በጠባዩ ይቀራረባል። ቶኮፋ፣ ለመፋ፣ ሰደፋ፣ ሸነፋ እያለ በአንድ ቅጥያ ይሄዳል፤ «ፋ» ጠብቃ፣ አናባቢዋም ረዝሞ ይነገራል። በሲያሜም በኩል አማርኛ «አንደኛ»ን «መጀመሪያ» በሚለው እንደሚተካው፣ አፋን ኦሮሞም «ጀልቀባ» የሚል ቃል አለው። ቋንቋው ለረዥም ጊዜ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እንዲሁም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጻሕፍት በዚሁ ፊደል የቀረቡ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል የተነባቢን መጥበቅና የአናባቢን መርዘም ለይቶ አያሳይም። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ በላቲን ፊደል ከተመረጠ በኋላ ግን የቅጥያው መጥበቅም መርዘምም በጽሑፍ ይታያል፤ በአኃዝ ሲጻፍም ቅጥያው ሙሉ በሙሉ ከአኃዙ ጋር ይጣመራል።

እንግሊዝኛው ከሁለቱም ይለያል። አኃዙን የሚከተሉት የቃሉ የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ስለሆኑ፣ ከ1 በኋላ «ኤስ ቲ»፣ ከ2 በኋላ «ኤን ዲ»፣ ከ3 በኋላ «አር ዲ»፣ ከሌሎቹ በኋላ «ቲ ኤች» ይጻፋል። 11፣ 12ና 13 «ቲ ኤች»ን ሲወስዱ 21፣ 22ና 23 እንደገና ወደ መጀመሪያዎቹ ሦስት ይመለሳሉ። በ«ኛ» እና በ«ፋ» ወጥ ደንብ የሠለጠነ ልጅ በእንግሊዝኛ ከ2 በኋላ «ቲ ኤች» ቢጽፍ ይህን ከስንፍና መቁጠር ስሕተት ነው። ልጁ በሁለት ቋንቋ የሠመረለትን ደንብ ወደ ሦስተኛው አሻግሯል፤ ደንቡን ያውቃል፣ የማያውቀው ደንቡ የማይሠራበትን ቦታ ነው። ስለዚህ መምህሩ በቀይ ቀለም ከመሰረዝ ይልቅ የሁለቱን አሠራር ልዩነት በግልጽ ቢያስረዳ ይሻላል፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አኃዙን የሚከተለው ቅጥያ ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን የቃሉ ጅራት ነው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ እርማትን ያስቀራል።

መ. ከፈረንሳይኛ የሚገኝ ትምህርት

ማሳጠር በሌሎች ቋንቋዎችም እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ፈረንሳይኛ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ቋንቋው ለኢትዮጵያ ትምህርት ባዳ አይደለም፤ ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት የአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች፣ በ1901 ዓ.ም. ከተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ ከፍ ያለ ቦታ የነበረው የውጭ ቋንቋ እርሱ ነበር።

በፈረንሳይኛ «አንደኛ» የሚለው ቃል ለወንድ «ፕረሚዬ»፣ ለሴት «ፕረሚዬር» ነው፤ ሲያጥርም ከ1 በኋላ የየቃሉ የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ይጻፋሉ። ከ2 ጀምሮ ግን ጾታ ስለማይለይ «ኧ» ተብላ የምትጠራው አንዲት ፊደል ብቻ ትበቃለች። ብዙ ሰዎች ከዚህች ፊደል ፊት ሌሎች ሁለት ፊደላትን ጨምረው ሦስት ያደርጓቸዋል፤ የፈረንሳይ የኅትመት ሥርዓት ግን ይህን አይቀበልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምኅጻረ ቃል ትርጉምን ለመለየት ከሚበቃው በላይ ፊደል ሊሸከም አይገባውም። ክፍለ ዘመናት በሮማውያን አኃዝ ይጻፋሉ፤ ቀን ሲጻፍ ደግሞ ተራ አመልካቹ የሚገባው ለወሩ የመጀመሪያ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ከ2 ጀምሮ እንደ አማርኛው ብዛት አመልካች ይሆናል።

ለዕቅድ ሠራተኞች ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የክፍል አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም የሚከተለው የፈረንሳይ ሥርዓት ከመካከለኛ ደረጃ ጀምሮ ክፍሎችን ወደ ታች ይቆጥራል። ተማሪው «ስድስተኛ» ከሚባለው ክፍል ገብቶ ወደ «አምስተኛ»፣ ከዚያም ወደ «አራተኛ» ያልፋል፤ «አንደኛ» ላይ ሲደርስ የሚቀረው ማጠናቀቂያው ዓመት ብቻ ነው። የፈረንሳዩ «ስድስተኛ» ከአምስት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ከእኛው 6ኛ ክፍል ጋር በአጋጣሚ ይገጥማል፤ «አምስተኛው» ግን ከ7ኛ፣ «አንደኛው» ከ11ኛ ክፍል ጋር የሚነጻጸር ነው። የአቆጣጠሩን አቅጣጫ ያላወቀ የማስረጃ መርማሪ ሊመረቅ አንድ ዓመት የቀረውን ተማሪ ፊደል ቆጣሪ ሊያደርገው ይችላል።

ሠ. ተርታው ሲሰወር

ይኸው ስሕተት ከባዕድ ሥርዓት ጋር በመገናኘት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከሮቤና ከጎባ ተማሪ ደጅ የሚገኝ ምሳሌ ለመውሰድ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከሳነቲ አምባ ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ከፍታ አለው። በብዙ ጽሑፎች «በኢትዮጵያ 2ኛው ከፍተኛ ተራራ» እየተባለ ይጠቀሳል። ነገር ግን በሰሜን ተራሮች ከራስ ዳሸን ሌላ እንደ ቧሂት ያሉ ከ4400 ሜትር በላይ የሚደርሱ ጫፎች አሉ። የሚቆጠሩት ጫፎች ከሆኑ ቱሉ ዲምቱ 2ኛ አይሆንም። የሚቆጠሩት የተራራ ሰንሰለቶች ሆነው እያንዳንዳቸው በከፍተኛው ጫፋቸው ከተወዳደሩ ግን የባሌ ተራሮች ከሰሜን ቀጥለው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ «2ኛ» ትክክል ነው። አኃዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተርታው ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውን ይህን ስፍራ በኩራት የሚያስተምር መምህር «ከምኖች መካከል 2ኛ?» ብሎ ቢጠይቅ የጂኦግራፊም የቋንቋም ትምህርት በአንድነት ሰጠ ማለት ነው።

በትምህርት አስተዳደር ቋንቋ ውስጥ ተርታውን አብዝቶ የሚሰውረው «ደረጃ» የተባለው ቃል ነው። «1ኛ ደረጃ» በአንድ ወረቀት ላይ ከክፍሉ ተማሪዎች መብለጥን፣ በሌላ ወረቀት ላይ ዝቅተኛውን የትምህርት እርከን ያመለክታል። «2ኛ ደረጃ» ለውድድር ከአንደኛ ማነስ ነው፤ ለትምህርት ቤት ግን ከአንደኛ መብለጥ ነው። የደራረቡ ሲበዛም «የ1ኛ ደረጃ 2ኛ ሳይክል 5ኛ ክፍል 1ኛ መንፈቅ ዓመት 3ኛ» ዓይነት ሐረግ ይፈጠራል። በዚህ ሐረግ ውስጥ አምስት ተራ አመልካቾች ከአምስት የተለያዩ ተርታዎች ወጥተው ተሰልፈዋል፤ የመጨረሻው፣ ማለትም ለተማሪው ዋናው፣ ተርታው ያልተነገረለት ነው።

የጉዳዩ ክብደት በዘመናት መካከል ሲታይ ይጨምራል። በቀድሞው ሥርዓት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሲሆን 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አደረሰው። በቅርብ ዓመታት የተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ እንደገና በ6ኛ ክፍል ወስኖ 7ኛንና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ አድርጓቸዋል። ስለዚህ «1ኛ ደረጃን ያጠናቀቀ» የሚል ማስረጃ እንደ ተሰጠበት ዘመን የስድስት ወይም የስምንት ዓመት ትምህርትን ይመሰክራል። ጎባ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ 8ኛን ፈጽሞ የወጣ ሰው የሁለተኛ ደረጃን ደጅ የረገጠ ነበር፤ ልጁ በ1990ዎቹ ያንኑ 8ኛ ክፍል ሲፈጽም አንደኛ ደረጃን ጨረሰ ተባለ። አባትና ልጅ የተማሩት ዓመት እኩል ሆኖ ስሙ ተለያየ። የእነዚህን ዘመናት አኃዝ በአንድ ሰንጠረዥ «1ኛ ደረጃ ያጠናቀቁ» ብሎ የሚደምር ዕቅድ የማይደመረውን ይደምራል። «6ኛ ክፍል ያጠናቀቁ»፣ «8ኛ ክፍል ያጠናቀቁ» ብሎ የለየ ግን በየትኛውም ዘመን አይሳሳትም፤ ምክንያቱም የክፍሎች ተርታ ሳይለወጥ የኖረ፣ የደረጃዎች ተርታ ግን የተለዋወጠ ነውና።

ረ. የውጤት መግለጫው

አሁን ወደ ተማሪው ወረቀት መመለስ ይገባል። «3ኛ» የሚለው ጽሕፈት ከአሥራ ሁለት ተማሪዎች መካከል ከሆነ አንድ ነገር፣ ከዘጠና ተማሪዎች መካከል ከሆነ ሌላ ነገር ይናገራል። ልጁ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ተቀባዩ መምህር የቀድሞውን ክፍል ብዛት አያውቅም፤ ስለዚህ «ከ90 ተማሪዎች 3ኛ» ተብሎ ካልተጻፈ ወረቀቱ ግማሽ ምስክር ነው።

እኩል ውጤት ሲመጣም ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሁለት ተማሪዎች 2ኛ ቢወጡ ቀጣዩ 3ኛ ነው ወይስ 4ኛ? ሁለቱም አሠራሮች ምክንያት አላቸው። ቀጣዩን 4ኛ የሚለው ከእርሱ የበለጡትን ተማሪዎች ይቆጥራል፤ 3ኛ የሚለው ከእርሱ የበለጡትን ውጤቶች ይቆጥራል። የሚያስነቅፈው አንዱን መምረጥ አይደለም፤ በአንድ ትምህርት ቤት አንዱ የክፍል ኃላፊ ይህን፣ ሌላው ያንን እየተከተሉ ደንቡ ሳይነገር መቅረቱ ነው። እስከ 3ኛ ለወጡት ሽልማት በሚሰጥበት ቦታ፣ ይህ ያልተነገረ ደንብ አንድን ልጅ ከመድረክ ያወጣል ወይም ያስቀራል። ልጁም የቀረው ከድካሙ ማነስ ይሁን ከአቆጣጠሩ አያውቅም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው አራት የሥራ ነጥቦች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ተራ አመልካች በአኃዝ ሲጻፍ «ኛ» ሳትነጠልና ሳትቀር መጻፏ፣ ተራ ቁጥር ብቻ በሆነበት ዓምድ ግን አለመጨመሯ ነው። ሁለተኛው፣ በማስረጃና በስታቲስቲክስ ጽሑፍ «ደረጃ» በሚለው ቃል ፋንታ ክፍሉን በቁጥሩ መጥራት ነው። ሦስተኛው፣ በውጤት መግለጫ ላይ የተማሪው ተራ ከክፍሉ ተማሪዎች ብዛት ጋር እንዲጻፍ፣ የእኩል ውጤት አቆጣጠርም ለሁሉም ክፍል አንድ ሆኖ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ እንዲነገር ማድረግ ነው። አራተኛው፣ በባሌ ደጋ እንዳሉት ሦስት ቋንቋ በሚገናኝባቸው ትምህርት ቤቶች የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የእንግሊዝኛ መምህራን ተራ አመልካቾችን በአንድ ሳምንት ጎን ለጎን ቢያስተምሩ፣ ልጁ ሦስቱን ሥርዓቶች ከማደባለቅ ይልቅ ማነጻጸርን ይለምዳል።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በአንድ መስመር ላይ ሁለት ቃል መጨመርን ነው። እነዚያ ሁለት ቃላት ሲቀሩ የሚተርፈው ቀለም ጥቂት ነው፤ የሚጎድለው ግን ለልጁ የድካሙ ልክ፣ ለዕቅድ ሠራተኛውም የሚቆጥረው ነገር ማንነት ነው።